ሁለት ጆሮ፣ አራት በሬ

ወይኖ የሞተው ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን ነው። ዛሬ ጠዋት ማሳ ላይ ሲያርስ ነበር።

ይህን የምለው ሰው ለማሳቅ አይደለም። መሞቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት አለ፤ ማኅተም አርፎበታል፣ የኔም ፊርማ አለበት። ማረሱን ደግሞ ከጎኑ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው። የቱ ይበልጣል ካላችሁኝ፣ በእኛ ቀበሌ ሁልጊዜም የሚያሸንፈው ወረቀቱ ነው።

ታምሩ እባላለሁ። የምኖረው መንደር አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ። አባቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭኖ መጥቶ ሲሰፍር መንደሩ ስም አልነበረውም፣ ቁጥር ብቻ ነበር። እስከ ዛሬም ስም ላውጣለት ያለ ሰው የለም። ከልጅነታችን ጀምሮ በቁጥር ስለኖርን ነው መሰለኝ፣ በበሬ ጆሮ ላይ ቁጥር ሲንጠለጠል ብዙም ያልገረመን።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥር ነው። የብድርና ቁጠባ ተቋሙ ሠራተኛ ሰራዊት በሞተር ሳይክሉ መጥቶ ማንጎው ሥር ሰበሰበን። ሰራዊት የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። እዚህ ከተመደበ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሙቀቱ አልተስማማውም፤ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያወራው ስለ ዝውውሩ ነው። ዝውውር የሚፈቀደው ደግሞ ብድሩን መቶ በመቶ ላስመለሰ ሠራተኛ ብቻ ነው ይላል።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" አለን። "አራት አራት ሆናችሁ ተቧደኑ። ለእያንዳንዳችሁ የእርሻ በሬ መግዣ አርባ አምስት ሺህ ብር ይሰጣችኋል። አንዱ መክፈል ቢያቅተው ሦስቱ ይከፍሉለታል።"

ሎሚ ቢሆን ኖሮ እኮ ደግ ነበር።

እኛም አራት ሆንን። አንደኛዋ እትዬ በለጡ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ሴት። ሁለተኛው ጃለታ ነው፤ ከባምባሲ በኩል መጥቶ እኛ መንደር አግብቶ የቀረ። ሦስተኛዋ ዓኢሻ ናት፤ የበርታ ተወላጅ፣ ቤቷ ከኛ አጥር ማዶ ነው። አራተኛው እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ስለደረስኩ ጸሐፊ አደረጉኝ።

ብሩን ተቀበልን። በሬ የገዙት ግን እትዬ በለጡ ብቻ ናቸው።

እውነቱን ልናገር። እኔ በሬ ልገዛ ወጥቼ ቆርቆሮ ገዝቼ ገባሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሣር ክዳን ሲያንጠባጥብብኝ ኖሬ፣ ያን ሁሉ ብር በእጄ ስይዝ ዓይኔ በሬ ማየት አቃተው። የዓኢሻ ባል ዐወድ መንጌ ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓድ ተደርምሶበት እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ የሷ ብር አሶሳ ሐኪም ቤት ቀረ። በሷ የሚፈርድ ካለ ከኔ ጋር ይጣላ። ጃለታ ደግሞ የእህል ወፍጮ ሞተር ገዛ። ሞተሩን እንጂ ወፍጮውን አይደለም፤ ወፍጮውን ለሁለተኛው ብድር አቆየው። በየእሁዱ ነዳጅ ቀድቶ ያስነሳዋል፤ ሞተሩ ምንም ሳይፈጭ ሩብ ሰዓት ያጓራል፤ ጃለታም እጁን አጣጥፎ ፈገግ ብሎ ያዳምጠዋል።

እትዬ በለጡ በሬ የገዙት ወደው አልነበረም። ሦስት ጥማድ መሬት አላቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሙሉ ለእኩል አራሽ ሲሰጡት ኖሩ። እኩል አራሽ እኩሉን ይወስዳል ይባላል እንጂ ዘሩንም፣ የበሬውንም፣ የድካሙንም ሲያስብ ለሳቸው የሚደርሳቸው ሁለት ጆንያ ነበር። አንድ በሬ ያለው ሰው ግን አንድ በሬ ካለው ሌላ ሰው ጋር መቀናጆ ገብቶ መሬቱን ያርሳል። "ዘንድሮ የራሴን እህል ከራሴ መሬት ካላነሳሁ መሬቱን እዚሁ ትቼላችሁ እሄዳለሁ" ይሉ ነበር። ወዴት እንደሚሄዱ አይናገሩም፤ የሚሄዱበት አገር እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን።

ወይኖን የገዙት መቶ ጊዜ ዋጋ ተከራክረው፣ ሦስት ቅዳሜ ገበያ ተመላልሰው ነው። ቀይ ዳማ፣ ሰፊ ጆሮ፣ ረጋ ያለ በሬ ነበር። ነው ማለቴ ነው።

የካቲት ላይ ሰራዊት በሬዎቹን ለማየት እንደሚመጣ ላከብን። እንስሳቱ መድን ስለተገባላቸው በየጆሯቸው ቢጫ የፕላስቲክ ቁጥር ይደረግላቸዋል ተባለ። ሦስታችን ተጠራርተን እትዬ በለጡ ቤት ሄድን። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

"እትዬ፣ ወይኖን ለግማሽ ቀን ያውሱን።"

ነገሩ ወዲያው ገባቸው። "አንዳችሁም አልገዛችሁም?" አሉ።

መሬት መሬት አየን።

"በሬ ያልገዛ ሰው ከተገኘ ቡድኑ በሙሉ ብሩን መልሱ ይባላል" አልኳቸው። "የሚነዱት ደግሞ ያለውን በሬ ነው።"

ይህ ማስፈራራት ነበር። ያን ጊዜ ግን ምክር መስሎኝ ነበር።

እትዬ በለጡ ብዙም አላሰቡም። "ባለቤቴን የቀበራችሁት እናንተ አይደላችሁ? መቃብር የቆፈረ ጎረቤት አንድ ጆሮ ቢዋስ ምን አለበት" አሉ።

ሰራዊት መጣ። መጀመሪያ እትዬ በለጡ ቤት የወይኖን ግራ ጆሮ በስቶ ቁጥር አደረገ። ከዚያ እሱ በሞተር ሳይክሉ በመንገዱ ዞሮ ወደ ዓኢሻ ቤት ሲሄድ፣ ጃለታ ወይኖን በቀርከሃው አጥር ሥር በጓሮ ነድቶ ቀደመው። ሰራዊት ዓኢሻ የቀዳችለትን የከርከዴ ሻይ ጠጥቶ መብሻውን ይዞ ተነሳ። የበሬውን ግራ ጆሮ ሲይዝ ቢጫው ቁጥር እጁ ላይ ተንጠለጠለ። የደም ጠብታው ገና አልደረቀም።

ዓኢሻ ነገሩን ለማዳን ብላ፣ "ይሄ በሬ እና እትዬ በለጡ በሬ፣ እናቷ አንድ ነው፤ ወላሂ" አለች።

ሰራዊት ቁጥሩን አነበበ። ፎርሙን አየ። እንደገና በሬውን አየ። ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫም አየ መሰለኝ።

"ከአሠራር አንጻር" አለ በመጨረሻ፣ "ፎርሙ 'በሬው ቁጥር ተሰጥቶታል ወይ?' ነው የሚለው። 'ሌላ ቁጥር አለው ወይ?' አይልም። ያኛውን ጆሮ አዙሩልኝ።"

እኔ ቤት ሦስተኛውን አደረገ። ጃለታ ቤት ስንደርስ ወይኖ ራሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጆሮውን ሰጠ። እትዬ በለጡ ከቤት ቤት ተከትለውት ሲዞሩ ነበር፤ በየበሩ ግንባሩን እያሻሹ፣ "አይዞህ ወይኖ፣ ለጎረቤት ነው" ይሉታል። በየጆሮው ሁለት ሁለት ቁጥር አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰራዊትም አራት በሬ ቆጥሮ በደስታ ወደ አሶሳ ነዳ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ስቀን እንረሳው ነበር። ጥፋቱ ማንበብ መቻሌ ነው። አንድ ቀን የመድኑን ወረቀት ከፌስታል አውጥቼ ሳገላብጥ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ እንዲህ ይላል፦ "የተመዘገበው በሬ በበሽታ ቢሞት፣ ጆሮው ከነቁጥሩ ሲቀርብ የተበዳሪው ቀሪ ዕዳ ይሰረዛል።" ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ አጥር ላይ ቆሜ ወይኖን አየሁት፤ ሣር እየበላ ነበር። በሬው በሕይወት እስካለ የእትዬ በለጡ ነው። የሞተ እንደሆነ ግን የአራታችንም ነው።

ሦስት ቀን ለብቻዬ ያዝኩት። በአራተኛው ለጃለታ ነገርኩት። "ዋቃዮ!" አለ፤ አምላኬ ማለቱ ነው። በማግስቱ ዓኢሻም ሰምታለች።

ማንም ሞቱን አልተመኘም፤ እግዜር ያያል። ደኅንነቱን መጠየቅ ግን አበዛን። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ከእትዬ በለጡ በፊት "ወይኖ እንዴት አደረ?" ነው የምለው። "ደኅና ነው፣ ተመስገን" ይላሉ። እኔም ተመስገን እላለሁ። እንዲህ ያለ ለስላሳ ተመስገን ብዬ አላውቅም።

ግንቦት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፣ ዝንቡም ተነሳ፤ ወይኖ ታመመ። ገንዲ ነው። ይህ አገር ከደጋ ለመጣ በሬ አይስማማም፤ ዝንቡ ይነድፈዋል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያነባል፣ እየበላ ይከሳል፣ ከዚያ መብላቱንም ይተዋል። የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ መድኃኒቱ አሶሳ እንደሚገኝ፣ ከመጓጓዣው ጋር ዘጠኝ መቶ ብር ገደማ እንደሚፈጅ፣ በሳምንት ውስጥ ካልተወጋ ግን እንደማይተርፍ ተናገረ። እትዬ በለጡ ያሏቸውን ሁለት ዶሮዎች ለሐኪሙ መምጫ ሸጠው ጨርሰው ነበር።

ሳጥኑ ግን አለ። በየሳምንቱ ሃያ ሃያ ብር የምንጥልበት የቡድኑ ሳጥን፤ ለድንገተኛ ችግር ተብሎ የተቀመጠ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ነበረበት። የሳጥኑ ደንብ እንዲህ ነው፦ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሳጥኑ የሚያድርበት ሰው ቁልፍ አይዝም፣ ቁልፍ የያዘ ሰው ቤት ሳጥኑ አያድርም። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ሳጥኑ እትዬ በለጡ ቤት ነው። ቁልፎቹ እኔ፣ ጃለታና ዓኢሻ ዘንድ ናቸው።

መጀመሪያ እኔ ዘንድ መጡ።

"ታምሩ ልጄ፣ ወይኖ ከተኛበት መነሳት አቃተው። ሳጥኑን እንክፈት።"

"ኧረ እትዬ፣ ቁልፌ ጠፍቶብኝ ስፈልግ ነው የሰነበትኩት" አልኩ።

ቁልፉ በክር ታስሮ አንገቴ ላይ ነበር። ሸሚዜ ሥር ደረቴን ሲነካኝ ይሰማኛል። እትዬ በለጡ በአንገቴ ዙሪያ ያለውን ክር አዩት። ቆይተው አዩት።

"ፈልገው እንግዲህ" ብለው ሄዱ።

ጃለታ ቁልፉ ሞተሩ ውስጥ እንደገባበት ነገራቸው። "ሞተሩ ካልተፈታ አይወጣም፤ ከተፈታ ደግሞ የሚገጥመው ሰው የለም። ማል ጎና፣ ምን እናድርግ?" አለ፤ እያዘነ። ዓኢሻ ደግሞ ዐወድ ቁልፉን ይዞ መንጌ ሄደ አለቻቸው። ዐወድ ይህን ጊዜ እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ ከበስተኋላዋ አልጋ ላይ ተጋድሟል። እትዬ በለጡን አንገቱን ቀና አድርጎ "አሰላሙ አለይኩም" ብሏቸዋል።

ወይኖን መጠየቅ ግን አልተውንም። የታመመ መጠየቅ ወግ ነው። ጠዋት ጠዋት ሦስታችን ተራ በተራ እንሄዳለን፤ ባዶ እጃችንን አይደለም፤ እኔ ለምለም ሣር፣ ዓኢሻ ጨው፣ ጃለታ የማሽላ አገዳ ይዘን። ወይኖ አይበላውም። እናውቃለን። አጠገቡ ቁጭ ብለን "ምሕረቱን ያምጣልህ" እንለዋለን፤ እሱ ደግሞ በነዚያ አራት ቢጫ ቁጥሮች ዝንቡን ሊያባርር ይሞክራል። አንድ ጠዋት የጎድን አጥንቱን ስቆጥር ራሴን አገኘሁት። አፈርኩ። ቁልፉን ግን አላወጣሁም።

ግንቦት ሃያ ሦስት እትዬ በለጡ ማንጎው ሥር ጠሩን። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሁላችንም እንደደረስን ፈቱት። ሁለት ጆሮ ነው፤ ቀይ፣ ሰፊ፣ በያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ቁጥር።

"ወይኖ ሞተ" አሉ።

ጃለታ ባርኔጣውን አወለቀ። ዓኢሻ "ኢና ሊላሂ…" ብላ ጀመረችና ለበሬ ይባል አይባል ቸግሯት መሃል ላይ ቆመች። እኔ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አልገደደኝም። ለወይኖ ይሁን፣ ለዕዳዬ መሰረዝ ይሁን፣ በሸሚዜ ሥር ላለው ቁልፍ ይሁን፣ ለይቼ መናገር አልችልም።

ለቅሶው ደመቅ ሲል፣ ከእትዬ በለጡ ጓሮ፣ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ፣ ደካማ ግን የታወቀ ድምፅ መጣ።

"እምቧ…"

ለቅሶው ቆመ። እርስ በርሳችን አልተያየንም። ሁላችንም ጆሮዎቹን አየን።

"ሞተሬ ነው" አለ ጃለታ። የጃለታ ሞተር ነዳጅ ካጣ ወር ሊሞላው ነበር።

"ነጎድጓድ ነው" አልኩ እኔ። ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና አልነበረችም።

"ምንም አልሰማሁም እኔ" አለች ዓኢሻ። ከሦስታችን የሷ ውሸት ይሻላል።

ወይኖ ደገመው። ከፍ አድርጎ።

"ሞተር ነው" አሉ እትዬ በለጡ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። "እንግዲህ ደንቡን ታምሩ ጽፎታል፤ ሐዘን ለደረሰበት አባል ከሳጥኑ ዘጠኝ መቶ ብር ይሰጣል ይላል። እኔ ሐዘን ደርሶብኛል። ቁልፋችሁን አምጡ።"

የጠፋ ነገር እንደዚያ ሲገኝ አይቼ አላውቅም። የጃለታ ቁልፍ ከሸሚዝ ኪሱ ወጣ፤ አንዲት ጠብታ የሞተር ዘይት አልነካውም። መንጌ የሄደው ከዓኢሻ ነጠላ ጫፍ ተፈታ። እኔ የራሴን ከአንገቴ ሳወልቅ ክሩ ጆሮዬ ላይ ተጠምዶ አስቸገረኝ፤ እትዬ በለጡ ናቸው እጃቸውን ሰድደው ያላቀቁልኝ።

ዘጠኝ መቶ ብር ቆጠሩ። ሳጥኑን አስቆለፉን። ከዚያ ቆም እንኳ ሳይሉ በእግራቸው ወደ አስፋልቱ ወረዱና በመጣው ባጃጅ አሶሳ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱን ይዘው ተመለሱ፤ ሐኪሙም መጥቶ ሟቹን ወጋው።

ጆሮዎቹ ሲቆረጡ ማንም አላየም። ለሐኪሙ እንደነገሩት ከሆነ ጎሕ ሲቀድ ብቻቸውን ናቸው። የበሬ ጆሮ ለመቁረጥ ሁለት ጎረምሳ ያዥ ያስፈልጋል፤ ወይኖ ግን መነሳት ስላቃተው ያዥ አላስፈለጋቸውም። በጨው ውኃ አጠቡለት፤ ከነጠላቸው ቀደው አሰሩለት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይል ነበር አባቴ፤ ይህን ስሰማ የመጣብኝ እሱ ነው። አይጦቹን ደግሞ በስማቸው አውቃቸዋለሁ።

ጆሮዎቹን አሶሳ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ጭቃው ሞተር ሳይክል ስለማያሳልፍ ሰራዊት መምጣት አልቻለም። ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ፈታሁለት። ፈዞ አየው።

"ሁለት ጆሮ ነው" አለ።

"አዎ።"

"የሞቱት አራት በሬ ናቸው።"

"አዎ።"

"ቁጥሩስ ስንት ነው?"

"አራት።"

ፎርሙን አገላበጠ። ግንባሩን ጠረገ። "ከአሠራር አንጻር፣ የሚጠየቀው ቁጥር ነው" አለና ማኅተሙን አራት ጊዜ መታው። ስፈርምለት ዝቅ ባለ ድምፅ "የት ቀበራችሁት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እትዬ በለጡ ጓሮ ነው ያለው" አልኩት። አልዋሸሁም።

የአራታችንም ዕዳ ተሰረዘ። ሰራዊት መቶ በመቶ አስመለሰ ተብሎ ተመሰገነ፤ ዝውውሩም መጣለት። ሊሰናበተን ሲመጣ ወይኖ ከቤቱ ደጅ ታስሮ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ የቆመበት ሳምንት ነው። ሰራዊት ጆሮ አልባውን በሬ አይቶ ቆመ። ከዚያ የሰው ቤት ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ "እግዜር ያጥናዎት፣ እናቴ" አላቸው። "አሜን" አሉት።

ቡድናችን ዕዳውን ስለዘጋ ወዲያው ሁለተኛ ብድር ተፈቀደልን፤ በሬ የሞተበት ቅድሚያ ያገኛል ተባለ። እትዬ በለጡ አልፈልግም አሉ። "እኔ የሞተ በሬ አለኝ፤ ይበቃኛል።" ወይኖ ግን ከእንግዲህ ገበያ አይወጣም። ጆሮ የሌለው በሬ የተሰረቀ በሬ ነው ብሎ ገበያተኛው ይሸሻል፤ ለሌላ ብድርም መያዣ አይሆን፣ ሞቷላ።

እኔ በዚህኛው ብድር እውነተኛ በሬ ገዛሁ። ፈራሁ ልበል ወይ አፈርኩ፣ ቆርቆሮውን ቀና ብዬ ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ግንባረ ነጭ ነው፤ ቦራ አልኩት። ግን አንድ በሬ አንድ በሬ ነው፤ ብቻውን አያርስም። ሐምሌ ገባ፣ የጤፍ መሬት መገልበጫው ደረሰ፤ በመንደሩ ያለ ሁሉ ተቀናጅቷል። ሳንቀናጅ የቀረነው እኔና እትዬ በለጡ ብቻ ነን። ሁለት ቀን በደጃቸው አልፌ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ።

"እትዬ፣ መቀናጆ ብንገባ ብዬ ነው።"

"ከሞተ በሬ ጋር ታቀናጃለህ?"

"አቀናጃለሁ።"

መሬት መሬት አየሁ። "አምጣው እንግዲህ" አሉ፤ "ዝናቡ አንተንም እኔንም አይጠብቅም።"

ዛሬ ጠዋት መሬታቸውን ስናርስ አራታችንም ነበርን። እርፉን የያዘው ጃለታ ነው። ዓኢሻ ከኋላ ጓሉን ትሰብራለች። እኔ ቅጠል የበዛበት የዋንዛ ቅርንጫፍ ይዤ ከወይኖ ጎን ጎን እሄዳለሁ። በሬ ዝንብ የሚያባርረው በጆሮው ነው፤ ይህን እስካሁን አስቤው አላውቅም ነበር። ጆሮ የሌለው በሬ ዓይኑ ላይ ያረፈውን ማራገፍ አይችልም፤ ዝንቡ ደግሞ ገንዲውን መልሶ ያመጣበታል። ስለዚህ ወይኖ በወጣ ቁጥር ከሦስታችን አንዳችን ጆሮ እንሆንለታለን። ማንም አላዘዘንም። ተራውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እትዬ በለጡ ከፊት እየመሩ ይሄዱ ነበር። ወር ሙሉ አፌ ላይ የቆየውን ነገር ያን ጊዜ ጠየቅኳቸው።

"እትዬ፣ ሳጥኑ እንጨት ነው። ያደረውም እርስዎ ቤት ነበር። መጥረቢያ አለዎት። ጆሮውን ከሚቆርጡ ሳጥኑን ለምን አልሰበሩትም?"

ዘወር ብለው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ይህን የመሰለ ነገር አለማወቄ ነው የገረማቸው።

"ሳጥኑ የአራታችን ነው" አሉኝ። "ጆሮው የኔ ነው።"

ጃለታ እርፉን ያዝ አድርጎ ቆመ። ዓኢሻ ከኋላ ቀና አለች። ቁልፉ አሁንም አንገቴ ላይ ነው።

"ዝንቡን" አሉኝ እትዬ በለጡ።

ሦስት ዝንብ የወይኖ ዓይን ላይ አርፏል። አባረርኩለት።